ለወገብ ሽጉጥ የሌሊት ማነጣጠሪያ ሲመረጥ፦ የፊቱ ይድመቅ፣ የኋላው ይደብዝዝ

የሌሊት ማነጣጠሪያ የሚሸጡ ሰዎች መብራት አጥፍተው ማሳየት ይወዳሉ። ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች በጨለማ ተደርድረው ሲያበሩ ያምራሉ፤ ገዢውም የደመቀውን መርጦ ይከፍላል። ይህ ፈተና ግን ስለ ማነጣጠሪያው የሚናገረው ጥቂት ነው። ከነጥቦቹ በቀር ምንም በማይታይበት ድቅድቅ ጨለማ ዒላማውም አይታይም፤ ማን ላይ እንደተነጣጠረ ሳይታወቅ ደግሞ መተኮስ ፈጽሞ አይገባም። እዚያ የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ ነው። ባትሪው ሲበራ ከፊት ያለው ሁሉ ይፈካል፣ ወደ ዓይን የዞረው የማነጣጠሪያው ጀርባ ግን ጥላ ውስጥ ይቀራል። የነጥቦቹ ብርሃን በፍካቱ ይዋጥና ዓይን የሚይዘው የምሰሶውን፣ ማለትም የፊቱን ማነጣጠሪያ፣ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናል።

ታዲያ የሚያበራ ነጥብ የሚጠቅመው መቼ ነው? ፀሐይ ገብታ ገና ሳይጨልም፤ ሰውየው ከመንገድ መብራት ሥር ቆሞ ታጣቂው ጥላ ውስጥ ሲሆን፤ ከደማቅ ክፍል ወደ ደብዛዛ ኮሪደር ሲወጣ። በእነዚህ ሰዓቶች ሰው ይለያል፣ በእጁ የያዘውም ይታያል፤ ጥቁር ብረት በጥቁር ልብስ ላይ ግን ይጠፋል። የፊቱ ነጥብ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ጊዜው አጭር ነው ብሎ የሚንቀው አለ፤ እኛ አንንቀውም። ይሁንና ልምምዱ ሁሉ የሚካሄደው በቀን ስለሆነ፣ በቀን ብርሃን ፈጥኖ የማይታይ ማነጣጠሪያ ሌሊት ምንም ያህል ቢያበራ አይገዛም። ከዚህ በታች ያሉትን ሁሉ የመዘንነው በሦስት ብርሃን ነው፦ በቀን፣ በምሽት ድንግዝግዝ፣ እና በእጅ ባትሪ።

ብልቃጧና ቀለሟ

የሚያበራው ትሪቲየም ነው፤ ራዲዮአክቲቭ የሆነ የሃይድሮጅን ዓይነት። ጋዙ በጥቃቅን የቦሮሲሊኬት መስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይታሸጋል፤ የብልቃጧ የውስጥ ግድግዳ ፎስፈር ተቀብቷል። ጋዙ የሚለቀው ቤታ ጨረር ፎስፈሩን ሲመታው ያበራል። ባትሪ ድንጋይ አይፈልግም፣ ብርሃን ላይ ማስጣትም አያሻም። ጨረሩ ደካማ ስለሆነ መስታወቱን አልፎ አይወጣም፤ የሰው ቆዳም ያቆመዋል።

መታወስ ያለበት ቁጥር 12.3 ነው። በየ12.3 ዓመቱ ጋዙ በግማሽ ይቀንሳል። ፎስፈሩም ለዓመታት በጨረር ሲደበደብ ስለሚደክም፣ 12 ዓመት የሞላት ብልቃጥ የምታበራው ከአዲሷ ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ወይም ማነጣጠሪያው ላይ የተመረተበትን ወርና ዓመት ፈልጉ። ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዕቃ የዕድሜውን አንድ ክፍል እዚያው ጨርሷል። ዋስትናው የሚቆጠረው ከተመረተበት ቀን ነው ወይስ ከተገዛበት የሚለውንም ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀለምን በተመለከተ ለፊቱ ከአረንጓዴ ሌላ አትመልከቱ። ጨለማን የለመደ ዓይን ይበልጥ የሚሰማው 507 ናኖ ሜትር አካባቢ ላለ አረንጓዴያማ ብርሃን ነው፤ ስለዚህ በእኩል ጋዝ አረንጓዴው ደምቆ ይታያል፣ ቢጫው ይከተላል፣ ብርቱካናማው ይደበዝዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የብልቃጧን ቀለም በዙሪያዋ ካለው ቀለበት ቀለም ጋር አደባልቆ ነው። ማሸጊያው ላይ ብርቱካናማ የሚል ጽሑፍ ስላለ ነጥቡ በጨለማ ብርቱካናማ ያበራል ማለት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የተባለው በቀን የሚታየው የቀለም ቀለበት ነው፣ መሐሉ ላይ ያለችው ብልቃጥ አረንጓዴ ናት። የዝርዝር መግለጫው ላይ ሁለቱ ለየብቻ ተጽፈው ይገኛሉ።

ሦስት እኩል ነጥቦች ለምን አይመከሩም

የቆየው ሥርዓት አንድ ነጥብ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ፣ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቀለምና መጠን ነው። ሲነገር ቀላል ነው፤ ሦስቱን በአንድ መስመር ማሰለፍ ብቻ። ነገር ግን ምሰሶው በማይታይበት ጨለማ የትኛው ነጥብ የፊቱ እንደሆነ የሚለይ ምልክት የለም። ሽጉጡ ከአፎት ሲወጣ ወደ ጎን ከዞረ የፊቱ ነጥብ በሁለቱ መካከል መሆኑ ቀርቶ ከግራው ነጥብ ውጪ ሊቆም ይችላል። አሁንም ሦስት ነጥቦች በአንድ መስመር ይታያሉ፤ ተኳሹም ተሰለፈልኝ ብሎ ቃታ ይስባል። የነጥቦቹ ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነበት ትንሽ ሽጉጥ ላይ ይህ ስህተት በ7 ሜትር ግማሽ ሜትር ያህል ያስታል።

ሁለተኛው ችግር የኋላዎቹ ለዓይን የቀረቡ መሆናቸው ነው። ሦስቱ ብልቃጦች እኩል ቢሆኑ እንኳ የኋላዎቹ ትልልቅ ሆነው ይታያሉ፣ ዓይንም ወደ እነሱ ይሳባል። በቀንም በነጭ ቀለበት የተከበቡ ሁለት ነጥቦች አጠገቡ እያሉ የፊቱን ነጥብ ነጥሎ መያዝ ጊዜ ይወስዳል።

መፍትሔው የኋላውን ማደብዘዝ ነው። መንገዱ ብዙ ነው፦ የኋላዎቹን ብልቃጦች ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ማድረግ፣ ማሳነስ፣ ከሁለት ወደ አንድ መቀነስ፣ ወይም የኋላውን ያለ ምንም ነጥብ ጥቁር መተው። ጥቁሩ የኋላ ማነጣጠሪያ የሚያስፈራው ሰው አለ፤ በድቅድቅ ጨለማ የፊቱ ነጥብ የት እንዳለ እንጂ ከኋላው ጋር መሰለፉን አያሳይም። እውነት ነው። ሆኖም ከላይ እንደተባለው በዚያ ጨለማ ዒላማውም አይታይም፤ ባትሪ ሲበራ ደግሞ የኋላው ማነጣጠሪያ ጥቁር ክፍተት፣ ምሰሶው የሚታይበት ቦታ፣ ከሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። የሽጉጥ አወጣጡን ደጋግሞ ላልተለማመደ ሰው ግን አንድ ደብዛዛ የኋላ ነጥብ ቢኖር ይሻላል።

በገበያ ላይ ያሉት

ከትሪጂኮን እንጀምር። ብራይት ኤንድ ታፍ የተባለው የኩባንያው የቆየ ሥራ ነው፤ ሦስት ነጥብ፣ በነጭ ቀለበት የተከበበ፣ አካሉ ብረት። ብልቃጦቹ በአሉሚኒየም ቱቦ ውስጥ ሆነው በሲሊኮን ጎማ ትራስ ተይዘዋል፣ አፋቸውም በሳፋየር ተሸፍኗል። በጥንካሬ ነቀፌታ የለንም። ቅር የሚያሰኘው አደራደሩ ነው። ሽጉጡ ላይ ተገጥሞ የመጣላችሁ ከሆነ ለመለወጥ አትቸኩሉ፤ የኋላዎቹን ነጭ ቀለበቶች በማይለቅ ጥቁር ማርከር ቀቧቸው፣ ብልቃጦቹን ሳትነኩ። ይህ ብቻውን የቀኑን ግማሽ ችግር ያቃልላል። ማርከሩ በዘይትና በመጥረጊያ ስለሚለቅ በየጊዜው መድገም ነው።

የዚሁ ኩባንያ ኤችዲ ሌላ ሐሳብ ነው። የፊቱ ምሰሶ በአረንጓዴ ብልቃጥ ዙሪያ ሰፊ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ብርሃን ጠጥቶ ለተወሰነ ጊዜ መልሶ ያበራል። የኋላው ክፍተት እንደ ዩ ፊደል ከሥሩ ክብ ነው፣ ሁለቱ ብልቃጦችም በጥቁር ተከበው ስለሚቀመጡ በቀን አይታዩም። በዚህ ዓይነት ሁለት ምርጫ አለ። ተራው ኤችዲ የፊት ምሰሶው 3.7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፣ ኤችዲ ኤክስአር ደግሞ 3.1። ለቅርብ ርቀት ብቻ ለሚያስብ ሰው ሰፊው ይፈጥናል፤ እኛ ግን ሁለቱን አወዳድረን ኤክስአርን እንመርጣለን፣ ምክንያቱን ስለ ስፋት ስንነጋገር ታዩታላችሁ። ድክመቱ ቀለበቱ ላይ ነው። ከጎድጓዳው ጠርዝ የጥይት ጥላሸት ይጠራቀማል፣ በኃይለኛ ኬሚካል ሲጸዳ ደግሞ ቀለሙ ይጎዳል።

ሜፕሮላይት ትሩ ዶት ሦስት ነጥብ ቢሆንም በአረንጓዴ የፊት ነጥብና በቢጫ ወይም በብርቱካናማ የኋላ ነጥቦች ይሸጣል። ከሦስት ነጥብ ላለመለየት ለወሰነ ሰው መግዛት ያለበት ይህን አደራደር ነው፤ ሦስቱም አረንጓዴ የሆነውን አይደለም። ቀለሞቹ በጨለማ ስለሚለያዩ ከላይ የተነገረው የአሰላለፍ ስህተት ወዲያው ይታወቃል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ዓይን ግን በቀለም ልዩነት ብቻ መተማመን የለበትም፤ ለእሱ የድምቀት ወይም የቁጥር ልዩነት ይሻለዋል።

አሜሪግሎ ጥሩ የሚሆነው ለመምረጥ ትዕግሥት ላለው ሰው ነው። የፊቱንና የኋላውን በብዙ ቁመት፣ ስፋትና ቀለም ይሠራል፤ በብርቱካናማ ወይም በሎሚ አረንጓዴ ቀለበት የተከበበ የፊት ምሰሶ ከሙሉ ጥቁር የኋላ ማነጣጠሪያ ጋር ማጣመር ይቻላል። ለእኛ አስተሳሰብ ከሁሉም የሚቀርበው ይህ ጥምረት ነው። ጣጣው የዕቃ ቁጥሩ መብዛት ነው፤ ቁመቱ የማይመጣጠን የፊትና የኋላ አጣምሮ መግዛት ቀላል ስለሆነ ከማዘዝ በፊት ሁለቱንም በሚሊ ሜትር ጻፏቸው።

ሄይኒ ስትሬት ኤይት ከኋላ አንድ ትንሽ ነጥብ ብቻ አላት፣ ከክፍተቱ ሥር። ሲነጣጠር የፊቱ ነጥብ በእሷ አናት ላይ ይቀመጥና ስምንት ቁጥር ይሠራሉ። ግራና ቀኝ ለመሳት ቦታ የለም፤ አንዱ ላይ አንዱ ነው። የሚለመደው ከፍታው ነው፤ በጨለማ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ምን ያህል ክፍተት ሲኖር ምሰሶው ከኋላው ጋር እኩል እንደሚሆን ዓይን በልምምድ ይይዘዋል።

ትሩግሎ ቲኤፍኤክስ ትሪቲየምንና ፋይበር ኦፕቲክን በአንድ የታሸገ ቅርፊት ያጣምራል። ቀን ፋይበሩ የአካባቢውን ብርሃን ሰብስቦ ነጥቡን እንደ ፍም ያደርገዋል፣ ሲመሽ ትሪቲየሙ ይረከባል። በቀን ብርሃን ከተራ ትሪቲየም ጋር አይወዳደርም፣ በጣም ይበልጣል። ግን የኋላዎቹም እንዲሁ ስለሚደምቁ የሦስት እኩል ነጥብ ችግር ተመልሶ ይመጣል። ቲኤፍኦ የተባለው ቀደምት ዓይነት ፋይበሩ በከፊል የተጋለጠ ነው፤ ለወገብ ሽጉጥ የተዘጋው ቲኤፍኤክስ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ፋይበር ፕላስቲክ ነው፣ በማጽጃ ኬሚካል ይጎዳል፣ ሲመታም ይሰበራል።

የኤክስኤስ ቢግ ዶት ከሁሉም ይለያል። የፊቱ ነጥብ ዲያሜትሩ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ የኋላው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ቪ ሆኖ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለው። ኳሱን በመስመሩ አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። እስከ 7 ሜትር ድረስ ፈጣን ነው፣ የቅርብ ነገር ማየት ለሚቸግረው ዓይንም ይረዳል። ርቀቱ ሲጨምር ግን ከፍታን የሚለይበት ቀጥ ያለ የላይ ጠርዝ ስለሌለ ጥይቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይበተናሉ። አንድ ሽጉጥ ብቻ ላለውና በ25 ሜትርም መምታት ለሚፈልግ ሰው አንመክረውም።

ስፋት

ምሰሶው ምን ያህል ይሸፍናል? እጅ ተዘርግቶ ከዓይን እስከ ፊቱ ምሰሶ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል። 3.1 ሚሊ ሜትር ምሰሶ በ25 ሜትር 11 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ 3.7 የሆነው 13፤ የ4.8 ሚሊ ሜትር ኳስ ደግሞ 17። በ7 ሜትር ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በ25 ሜትር ግን ጠባቡ ዒላማውን ያሳያል፣ ሰፊው ይደብቀዋል።

ከምሰሶው ስፋት ይልቅ የሚረሳው ከኋላው ክፍተት ጋር ያለው ግንኙነት ነው። ግሎክ 19 ሽጉጥ ላይ ከፋብሪካው የፊት ማነጣጠሪያ እስከ ኋላው ያለው ርቀት 153 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የኋላው ከዓይን 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ላይ ይቀመጣል፤ 3.2 ሚሊ ሜትር ምሰሶ በኋላው ክፍተት ውስጥ ሲታይ 2.5 ያህል ይሆናል። ክፍተቱ 3.6 ከሆነ በግራና በቀኝ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ብርሃን ይቀራል፤ ለቀን ይበቃል፣ ለምሽት ይጠብባል። ክፍተቱ 4.5 ከሆነ በየጎኑ አንድ ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ ምሰሶውን ለመፈለግ ዓይን አይቸገርም። ምሰሶው 4 ሆኖ ክፍተቱ 3.6 ከሆነ ግን በየጎኑ የሚቀረው ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲጨልም ምሰሶና ክፍተት አንድ ጥቁር ግድግዳ ይሆናሉ። ነጥቡ ደማቅ ነው የተባለ ማነጣጠሪያ ምሽት ላይ ቀርፋፋ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ይህን ለኩ።

ሰፊ ክፍተት ትክክለኝነትን ያጠፋል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው፤ ዓይን ሁለት የብርሃን ስንጥቆችን እኩል ማድረግ ይችልበታል። ይልቅ የሽጉጡ ማጠር ይበልጥ ይጎዳል። የአንድ ሚሊ ሜትር አሰላለፍ ስህተት በግሎክ 19 በ10 ሜትር 6.5 ሳንቲ ሜትር ያስታል፤ ርቀቱ 132 ሚሊ ሜትር በሆነበት ግሎክ 43 ደግሞ 7.6። ስለዚህ ሽጉጡ ባነሰ ቁጥር ጠበብ ያለ ምሰሶና ቀጥ ያለ የላይ ጠርዝ ምረጡ።

ቁመት

ግሎክ የኋላ ማነጣጠሪያውን በ6.1፣ 6.5፣ 6.9 እና 7.3 ሚሊ ሜትር ይሠራል፤ የተለመደው 6.5 ነው። የአንድ ደረጃ፣ ማለትም የ0.4 ሚሊ ሜትር፣ ልዩነት በግሎክ 19 በ25 ሜትር የጥይቱን ማረፊያ 6.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል። ለግሎክ 17 እና 19 የተሠራ ጥንድ ለ42 እና ለ43 አይሆንም፣ የእነሱ ስላይድ (ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የሽጉጡ የላይ ክፍል) ጠባብ ነው፤ ለትልልቆቹ ለ20 እና ለ21ም የራሳቸው አለ። ሲግ ሳወር ደግሞ ማነጣጠሪያዎቹን በቁጥር ይለያቸዋል፤ ነባሮቹ ላይ ያለውን የፊትና የኋላ ቁጥር ሳይመዘግቡ ማውጣት የለም።

ስላይዱ ላይ ሬድ ዶት (በመስታወት ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ያለው ሰው ተራ ቁመት ያለው ማነጣጠሪያ ከመስታወቱ ሥር ተደብቆ ይቀርበታል፤ ከፍ ያለውን ዓይነት በሬድ ዶቱና በመቀመጫው ልክ ያዝዛል።

የኋላው ማነጣጠሪያ የፊት ግድግዳ ቅርጽም ቁመትን ያህል ይታይ። ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ አንድ እጅ ሲጎዳ ስላይዱን በቀበቶ ወይም በጫማ ተረከዝ አስደግፎ ለመሳብ ያገለግላል። ኖቫክ እንደተባለው ዓይነት ተዳፋት የሆነው በልብስ አይያዝም፣ ግን በዚያ ቀን ያንሸራትታል። እኛ ቀጥ ያለውን እንመርጣለን። አፎቱ ከፍ ያለውን የፊት ምሰሶ ሳይቧጭር የሚያስገባ መሆኑንም ፈትሹ፤ የሚፋተግ ከሆነ የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ብናኝ እየፋቀ ነጥቡ ላይ ይለጥፋል።

መግጠም

ካዝናውን ማውጣት፣ ስላይዱን ስቦ ማጉረሻውን በዓይንም በጣትም መፈተሽ፣ ጥይት የተባለን ሁሉ ከክፍሉ ማስወጣት። ከዚያ ስላይዱ ይፈታል፤ በርሜሉና ሞላው ይወጣሉ።

ግሎክ ላይ የፊቱ ምሰሶ ከስላይዱ ውስጥ በኩል በአንዲት ትንሽ ብሎን ይያዛል። ራሷ ባለ 6 ማዕዘን ስትሆን መፍቻው 3/16 ኢንች ሆኖ ግድግዳው ቀጭን መሆን አለበት፤ ተራው ወፍራም መፍቻ በቦታው ጥበት አይገባም። ቀዳዳውንና ብሎኗን በአልኮል ወይም በአሴቶን ከዘይት አጽዱ፣ አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት የተባለ የብሎን ሙጫ ብሎኗ ላይ አድርጉ፣ ምሰሶውን በጣት ከስላይዱ ጋር ቀጥ አድርጋችሁ እየያዛችሁ አጥብቁ። ከመጠን በላይ ሲጠበቅ ብሎኗ ትበጠሳለች። ምሰሶው በተኩስ መሐል ወልቆ የሚጠፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ሳይጸዳ ሙጫ ስለተደረገ ወይም ሙጫው ሳይደርቅ ስለተተኮሰ ነው። 24 ሰዓት ታገሡት። ቀይ ሎክታይት አትጠቀሙ፤ ለማስለቀቅ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሙቀት ደግሞ የብልቃጧ ጠላት ነው።

የኋላው ስላይዱ ላይ ከታች ሰፍቶ ከላይ በጠበበ ቦይ ውስጥ ተጨንቆ ይቀመጣል። የተለመደው አሠራር ከኋላ ሲታይ አሮጌውን ከግራ ወደ ቀኝ ገፍቶ ማውጣት፣ አዲሱን ከቀኝ ወደ ግራ ማስገባት ነው፤ የሽጉጡ መመሪያ ሌላ ካለ መመሪያው ይቅደም። በብሎን እየጠበቀ የሚገፋ ልዩ መሣሪያ አለ፤ በመዶሻ ከመምታት እጅግ ይሻላል። የገፊው አፍ የሚያርፈው ማነጣጠሪያው እግር ላይ፣ ከስላይዱ ወለል አጠገብ ይሁን። ከፍ ብሎ ብልቃጧ ባለችበት ቢገፋ ማነጣጠሪያው ይጣመማል፣ መስታወቱም ይሰነጠቃል። ገፊ ከሌለ ስላይዱን በሞርሳ፣ አፉ በአሉሚኒየም ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ አስሩና በናስ ዘንግ እግሩ ላይ በአጫጭር ምት ግፉት። የብረት ዘንግ በፍጹም።

አዲሱ ማነጣጠሪያ በጣት ሲገፋ ከቦዩ ሲሶ ያህል ገብቶ መቆም አለበት። ጭራሽ ካልገባ ከማነጣጠሪያው ሥር በጥቂቱ ይሞረዳል፤ አንድ ጎኑ ጥርስ በሌለው ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስኪዶ መሞከር፣ እንደገና መሞረድ። ስላይዱ አይሞረድም፤ ማነጣጠሪያ ይለወጣል፣ ስላይድ ግን አንዴ ከሰፋ ሰፋ። በጣት ገፍታችሁት እስከ መሐል ዘልቆ ከሄደ ደግሞ ልል ነውና ሻጩ ይለውጠው፤ በሙጫ ማቆየት መፍትሔ አይደለም። የኋላው ላይ ትንሽ መያዣ ብሎን ካለች ቦታው ከተረጋገጠ በኋላ በብሩጎላ በልክ ትጠበቃለች።

ሁሉም ሽጉጥ እንደ ግሎክ አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ ላይ የኋላው ማነጣጠሪያ ከሥሩ የመምቻ መርፌ መከልከያውን ሞላና ክዳኗን ደፍኖ ይዟል፤ ማነጣጠሪያው ሲወጣ ሞላዋ ተፈናጥራ ትጠፋለች፣ ያለ እሷ ደግሞ ያ መከልከያ ሥራውን አይሠራም። ክዳኗን በጣት ወይም በቀጭን ነገር ተጭኖ ማውጣትና ማስገባት ግድ ነው። ሲዜድ 75 የፊት ምሰሶውን በፒን ይይዛል። በድሮዎቹ 1911 ሽጉጦች ምሰሶው በትንሽ እግር ተበስቶ ከውስጥ የተቀጠቀጠ ስለሆነ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሲያልቅ በካሊፐር ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ለክቶ መሐል ማድረግ መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም።

መሞከርና ማስተካከል

የምትታጠቁትን ጥይት ተጠቀሙ። 9 ሚሊ ሜትር ላይ ከባዱና ዘገምተኛው 147 ግሬይን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ጥይት ከቀላሉ 115 ግሬይን ይልቅ በቅርብ ርቀት ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ በአንዱ ያስተካከሉትን በሌላው መውቀስ የተለመደ ስህተት ነው። በ15 ሜትር፣ ክንድ አስደግፋችሁ፣ አምስት አምስት ጥይት ሁለት ጊዜ። የሚለካው የአምስቱ ክምችት መሐል ነው፣ አንድ የዘለለ ጥይት አይደለም።

ስሌቱ ይህ ነው፦ ጥይቱ የሳተበት በሚሊ ሜትር፣ ሲባዛ በማነጣጠሪያዎቹ ርቀት፣ ሲካፈል ለዒላማው ርቀት። ግሎክ 19 በ15 ሜትር 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ ቢመታ 40 ሲባዛ በ153 ሲካፈል ለ15,000፣ ማለትም 0.4 ሚሊ ሜትር። የኋላው ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ይገፋል፤ እዚህ ላይ ወደ ቀኝ። የፊቱ ተቃራኒ ነው፦ ጥይቱ ዝቅ ብሎ ከመታ አጠር ያለ ምሰሶ፣ ከፍ ብሎ ከመታ ረዘም ያለ። 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያጠረ ምሰሶ ያስፈልጋል።

ቁመት ከመለወጥ በፊት ግን አነጣጠራችሁን እወቁ። አንዳንዱ ዒላማውን በምሰሶው ጫፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው በነጥቡ ይሸፍነዋል። የነጥቡ መሐል ከምሰሶው ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ከሆነ በነጥቡ የሸፈነው ሰው በ10 ሜትር 3 ሳንቲ ሜትር፣ በ25 ሜትር 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይመታል። ትልቅ ቀለበት ያላቸው ማነጣጠሪያዎች ላይ ዓይን ሳይታወቀው ወደ ነጥቡ ስለሚሳብ ከፍ ያደርጋል የሚለው ቅሬታ በብዛት የሚሰማው በእነሱ ላይ ነው። አምራቹ በየትኛው አነጣጠር እንዳስላው መመሪያው ላይ ይጽፋል።

ቀጥሎ በምሽት። ያልተጫነ ሽጉጥ ይዛችሁ፣ ሦስት ሁኔታ ብቻ፦ ደብዛዛ ክፍል፣ ሙሉ ጨለማ፣ የእጅ ባትሪ ነጭ ግድግዳ ላይ። ለጨለማው ዓይን ቢያንስ 20 ደቂቃ ይለምድ። ነጥቡን ፊት ለፊት ስታዩት ደብዝዞ ጥቂት ወደ ጎን ስትመለከቱ የሚደምቅ ከመሰላችሁ ብልቃጧ አልተበላሸችም፤ የዓይን መሐል በደካማ ብርሃን የሚያዩት ሕዋሳት ስለሌሉት ነው። ቀለማቸውና መጠናቸው አንድ የሆኑትን ነጥቦች እርስ በርስ ስታወዳድሩ አንዷ ከሌሎቹ እጅግ ከደበዘዘች ግን ጋዟ ሾልኮባታልና ዋስትና ጠይቁ።

አያያዝ

ለስላሳ ጨርቅና ጥቂት ውሃ ለነጥቦቹ ይበቃል። የፍሬን ማጽጃ፣ አሴቶንና አልትራሶኒክ ማጠቢያ ከተገጠመ ማነጣጠሪያ ይራቁ፤ ቀለበቱን ያነሳሉ፣ ብልቃጧን የያዘውን ሙጫ ያላሉ። ስላይዱ ዳግም ቀለም ሊቀባና በምድጃ ሊጋገር ከሆነ ማነጣጠሪያዎቹ አስቀድመው ይውጡ።

ያገለገለ ሽጉጥ የሌሊት ማነጣጠሪያ አለው ተብሎ ዋጋው ከፍ ሲል የምርት ዓመቱን አስሉ። ከ12 ዓመት ካለፈ ማነጣጠሪያውን እንደ ተራ ብረት ቁጠሩት፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተነጋገሩ። ወደ ሌላ አገር ማዘዝ ወይም መላክ ካለም የዚያን አገር የራዲዮአክቲቭ ዕቃ ደንብ አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ሽጉጡ ተፈቅዶ ትሪቲየሙ የሚያዝበት ቦታ አለ።

ብልቃጥ ቤት ውስጥ ቢሰበር መስኮት ክፈቱና ለጥቂት ጊዜ ከክፍሉ ውጡ፤ ጋዙ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይበተናል። ስብርባሪውን በጓንት ወይም በተለጣፊ ፕላስተር አንሱ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የተሰበረውም ሆነ ያለቀበት ማነጣጠሪያ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ በከረጢት ታሽጎ ለአምራቹ ወይም ለራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ለተፈቀደለት ተቀባይ ይሰጣል።